አስራ ስምንት ሜትር

ባለፈው እሁድ ጠዋት አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ 18 ሜትር በእርምጃ ለካሁ። ሃያ አራት እርምጃ ሆነ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ ከጫፍ ቆሞ ለሚያየኝ ሰው ጉዞ የጀመርኩም አልመስለውም። ፎቶ የሚነሱ ልጆች ዞር ብለው አዩኝና ሳቁ። እኔ ደግሞ ስለ አንድ የለንደን ሰው እያሰብኩ ነበር።

ሰውየው ፔሪ ማካርቲ ይባላል። በ1992 (በእኛ 1984 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባርሴሎና ላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የኖረው የፎርሙላ ዋን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከፒት ወጣ። መኪናዋ 18 ሜትር ያህል ሄደች። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። በቃ፤ የፎርሙላ ዋን ሕይወቱ የመጀመሪያ ቀን ይኼው ነበር።

እዚህ ከተማ ፎርሙላ ዋን የምንከታተል ሰዎች ብዙ አይደለንም። ሐይቁ ዳር ያሉት ካፌዎች የሚከፍቱት የእንግሊዝ ኳስ ነው፤ እኛ ኢንተርኔት ሲኖር በስልክ እናያለን። አብዛኞቻችን የመጣነው በኔትፍሊክሱ ተከታታይ ፊልም በኩል ነውና ስለ ሻምፒዮኖቹ ብዙ እናወራለን። እኔን ግን ከጊዜ በኋላ የያዘኝ የኋላው ረድፍ ነው። በተለይ ገንዘብ የሌለው ቡድን ውስጥ የገባ ሹፌር ምን ይሆናል የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። የፔሪን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው። እሱም ራሱ እየሳቀ ነው የሚናገረው። እኔ ሁለት ጊዜ ስቄ ሦስተኛው ላይ አልሳቅኩም።

ፔሪ የሀብታም ልጅ አልነበረም። የለንደን ምሥራቅ ልጅ ነው። መኪና ለመንዳት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያጠራቀመው ሰሜን ባሕር ላይ፣ የነዳጅ ማውጫ መድረኮች ላይ እየሠራ ነው። ከታች ጀምሮ ወጣ፤ ፎርሙላ ፎርድ፣ ፎርሙላ ስሪ፣ ፎርሙላ 3000። ፎርሙላ ስሪ ላይ አብረውት ከነበሩት ጓደኞቹ አንዱ ዴመን ሂል ነው፤ ስሙን ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን። በእያንዳንዱ ደረጃ ስፖንሰር እየለመነ፣ ወቅቱ ሳያልቅ ገንዘብ እያለቀበት፣ አሜሪካ ሄዶ የስፖርት መኪና እየነዳ 31 ዓመት ሞላው። በዚያ ዕድሜ ፎርሙላ ዋን ያልገባ ሹፌር ከእንግዲህ አይገባም ይባላል። ያኔ ነው ከጣልያን ጥሪ የመጣለት።

የጠራው ቡድን አንድሬያ ሞዳ ይባላል። ባለቤቱ አንድሬያ ሳሴቲ የጫማ ነጋዴ ነው፤ የቡድኑም ስም የጫማው ስም ነው። ሳሴቲ በ1991 መጨረሻ ኮሎኒ የሚባል የደከመ ቡድን ገዛ። ኮሎኒ በዚያ ዓመት አንድም ውድድር መነሻ መስመር ላይ አልደረሰም ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ የሞተ በሬ ገዝቶ ሊያርስ የተነሳ ሰው ነው።

በ1992 የመጀመሪያው ውድድር ደቡብ አፍሪካ፣ ኪያላሚ ላይ ነበር። ሳሴቲ የድሮዎቹን የኮሎኒ መኪኖች ይዞ መጣ። የስፖርቱ አስተዳዳሪ ፊሳ ግን አንተ አዲስ ቡድን ነህ፣ አዲስ ቡድን ደግሞ 100,000 ዶላር ማስያዣ ይከፍላል፣ መኪናም የራሱን ይሠራል አለው። ኮሎኒን ገዝቻለሁ ብሎ ተከራከረ፤ አልሰሙትም፤ ከውድድሩ ወጣ። ስለዚህ በጥድፊያ ሌላ መኪና ተፈለገ። ሲምቴክ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት በ1990 ለቢኤምደብልዩ የነደፈው፣ ቢኤምደብልዩ ሐሳቡን ሲቀይር መሳቢያ ውስጥ የቀረ ንድፍ ነበር። እሱ ተገዛ። ሁለተኛው ውድድር ሜክሲኮ ላይ ሲደርስ መካኒኮቹ መኪናዎቹን ገና እየገጣጠሙ ነበር፤ ሳይነዱ ተመለሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሹፌሮች፣ አሌክስ ካፊና ኤንሪኮ በርታጂያ፣ አማረሩ። ሳሴቲም አሰናበታቸውና ብራዚላዊውን ሮቤርቶ ሞሬኖንና ፔሪን ቀጠረ። ቀጠረ ስል ያው ለወጉ ነው፤ ፔሪ ደመወዝ አልነበረውም።

ሞሬኖ ተራ ሰው አልነበረም። በ1990 ጃፓን ላይ ሁለተኛ ወጥቷል። በ1991 ቤኔቶን ውሉ ሳያልቅ ያስወጣው ሚካኤል ሹማኸር ለሚባል ወጣት ቦታ ለመልቀቅ ነው። ማለቴ፣ ከመድረክ እስከ አንድሬያ ሞዳ ጋራዥ ያለው ርቀት ለጥሩ ሹፌርም ከሁለት ዓመት አይበልጥም።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ፤ ካልሆነ የቀረው ታሪክ አይገባም። ያን ጊዜ ቡድን ብዙ ነበር። መነሻው ላይ የሚቆሙት 26 መኪኖች ናቸው፤ ለማጣሪያ የሚፈቀድላቸው ደግሞ 30። ስለዚህ አዲሶቹና ደካሞቹ ዓርብ በጠዋት፣ ተመልካች ገና ሳይገባ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ እርስ በርስ ይለያያሉ። ቅድመ ማጣሪያ ነው ስሙ። ከዚያ አራቱ ያልፋሉ፤ የቀሩት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤት። ሌሎቹ ገና ቁርስ ላይ እያሉ የአንዳንዱ ሹፌር ሳምንት አልቋል ማለት ነው። እዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ሞተር ካልተነሳ ሌላ ዕድል የለም።

ፔሪ ብራዚል ሲደርስ ለዚያች ሰዓትም አልበቃም። ፎርሙላ ዋን ለመንዳት ሱፐር ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። ተሰጥቶት ነበር፤ ሳኦ ፓውሎ ከገባ በኋላ ተነጠቀ። ዓለምን አቋርጦ ሄዶ የሌሎችን መኪና ሲያይ ሰንብቶ ተመለሰ። በኋላ ተመለሰለትና ባርሴሎና ሄደ፤ ያችን 18 ሜትር ታውቋታላችሁ። ኢሞላ ላይ ጥቂት ዙር ከሄደ በኋላ ዲፈረንሻሉ እምቢ አለ። ሞናኮ ላይ ሦስት ዙር እንደነዳ ተጠርቶ መኪናውን እንዲለቅ ተነገረው፤ ለሞሬኖ መጠባበቂያ ትሁን ተብሎ።

ሞናኮ ላይ ግን ሞሬኖ ተአምር ሠራ። ቅድመ ማጣሪያውን አለፈ፣ ማጣሪያውንም በመጨረሻው፣ በ26ኛው ቦታ አለፈ። አንድሬያ ሞዳ በታሪኩ አንድ ጊዜ ብቻ ውድድር ጀመረ፤ ያም ይኼው ነው። ሞተሩ 11ኛው ዙር ላይ ሞተ። ያን ዓመት ናይጀል ማንሰል በዊሊያምስ መኪና ከ16 ውድድር 9 አሸንፏል። የማንሰል መኪና የጎማዎቹን ከፍታ በኮምፒውተር የምታስተካክል ነበረች። ሁለቱም መኪኖች በደንቡ ላይ አንድ ስፖርት ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ጉድነት ያደላል። ካናዳ ላይ ሞተሮቹ አልደረሱም፤ ያልተከፈለ ሂሳብ ነበር ተባለ። ከብራብሃም አንድ ሞተር ተበደሩ፤ አንድ ሞተር ደግሞ ለአንድ ሹፌር ነውና ሞሬኖ ነዳ፣ ፔሪ ቆመ። ፈረንሳይ ላይ የከባድ መኪና ሹፌሮች በአዲሱ የመንጃ ፈቃድ ነጥብ ሕግ ተቆጥተው መንገድ ዘግተው ነበር። ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ መንገድ ፈልገው ደረሱ፤ አንድሬያ ሞዳ አልደረሰም። ሲልቨርስቶን፣ በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት፣ ደረቅ መንገድ ላይ የዝናብ ጎማ አስረው ለቀቁት። ጀርመን ላይ የክብደት ምርመራ አልፎት ታገደ።

የሃንጋሪው ግን ከሁሉ የባሰ ነው። ከአንድ ሰዓቱ ቅድመ ማጣሪያ ፔሪን ወደ ሜዳ የለቀቁት 45 ሰከንድ ሲቀረው ነው። እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ዙር ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ማለትም መኪናው ቢበርም፣ ሹፌሩ መልአክ ቢሆንም፣ ሰዓት ማስመዝገብ አይችልም። መካኒኮቹ ይህን አያውቁም ነበር ማለት ከባድ ነው። ፊሳም አላመነም፤ ሁለተኛውን መኪና በወጉ ካልነዳችሁ ብሎ አስጠነቀቃቸው።

ለምን እንዲህ አደረጉት? ገንዘብ ነዋ። የተባረረው በርታጂያ ስፖንሰር ይዞ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሳሴቲ ሊያስገባው ፈለገ፤ ፊሳ ግን ሹፌር የመቀየር ፈቃዳችሁን ጨርሳችኋል አለ። ከዚያ ጀምሮ ፔሪ ለባለቤቱ የሚታየው እንደ ሹፌር አይደለም፤ ገንዘብ የሚገባበትን በር ዘግቶ እንደቆመ ሰው ነው። ማባረር አይችልም፤ ስለዚህ እንዲቀመጥ ብቻ አደረገው። ይህን ዓይነት ቅጣት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወንበር ይሰጥሃል፣ ሥራ አይሰጥህም።

እስከዚህ ድረስ መሳቅ ይቻላል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቤልጂየም፣ ስፓ ደረሱ። ብራብሃም ገንዘቡ አልቆ ከሃንጋሪ በኋላ ቀርቷልና ቅድመ ማጣሪያ አላስፈለገም፤ ፔሪ በነጻ ወደ ልምምዱ ገባ። በመጨረሻ ሊነዳ ነው። ስፓ ላይ ኦ ሩዥ የሚባል ቦታ አለ፤ ቁልቁል ወርዶ ወዲያው ሽቅብ የሚታጠፍ፣ ሹፌሮች እግራቸውን ከነዳጅ ላለማንሳት ከራሳቸው ጋር የሚሟገቱበት። ፔሪ እዚያ በሙሉ ፍጥነት ሲገባ መሪው ያዘው። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ብረት በጭነቱ ተጣሞ ነበር። እንዴት እንደተረፈ እሱም አያውቅም፤ ታግሎ አወጣት።

ተመልሶ ጋራዥ ሲገባ ስለ መሪው ነገራቸው። ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ የተሰጠው መልስ እናውቃለን የሚል ነበር። ዕቃው መጀመሪያ ሞሬኖ መኪና ላይ ነበር፤ ችግር እንዳለበት ታይቶ ከዚያ ተፈታ፤ ተፈትቶ ወደ ፔሪ መኪና ገባ።

ሦስተኛው ላይ ያልሳቅኩት እዚህ ጋ ነው።

አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ አለኝ። ባጃጇ የእሱ አይደለችም፤ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል፤ ከዚያ የተረፈው የእሱ ነው። ፍሬኗ ሲያስቸግረው ለባለቤቱ ይነግራል፤ ባለቤቱ ነገ ይለዋል። ጓደኛዬ ቢያቆማት ገቢው ይቀርበታል፣ ቢተዋት ደግሞ ሌላ ልጅ በር ላይ ቆሟል። ስለ ፔሪ ስነግረው ብዙም አልገረመው። «ቢያንስ ፍሬኑን አውቀዋለሁ እኮ» አለኝ። «ረገጥ ረገጥ አድርጌ ነው የምይዘው።» ነገሩ እዚያ ላይ ነው ያለው። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ጣናን የሚያቋርጥ ሰው ታንኳው ደንገል መሆኑን ያውቃል። ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድ፣ ወጥቶ መድረቅ እንዳለበት፣ ሲበቃው ሌላ እንደሚታሰር ያውቃል። አደጋውን በእጁ ይዞታል። ፔሪ ግን የሚያውቁ ሰዎች መሐል ሆኖ ሳያውቅ ነው ኦ ሩዥ የገባው። ድህነት ብቻውን ይህን አያደርግም። ድሃ ቡድን የላላ ዕቃ ሊኖረው ይችላል፤ የላላውን ዕቃ ለማን እንደሚያስር መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሳሴቲን ያዚያው ሳምንት መጨረሻ የቤልጂየም ፖሊስ ከሐሰተኛ ሰነድ ጋር በተያያዘ ክስ ውድድሩ ግቢ ውስጥ ያዘው። ቡድኑ ሞንዛ ሲደርስ በሩ ተዘጋበት፤ መስከረም ላይ ፊሳ የስፖርቱን ስም አጎድፏል ብሎ ከሻምፒዮናው አባረረው። ፔሪ ማካርቲ አንድም ውድድር ሳይጀምር የፎርሙላ ዋን ሹፌርነቱ አበቃ።

ዴመን ሂልን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ያን ዓመት እሱም የሚነዳው ብራብሃምን ነበር፤ ሌላው እየሞተ ያለ ቡድን። ከብዙ ሙከራ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው መነሻ ላይ የደረሰው። ልዩነቱ ሂል ጎን ለጎን የዊሊያምስ ሞካሪ ሹፌር መሆኑ ነው። በ1993 ዊሊያምስ ዋና ሹፌር አደረገው፣ በ1996 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፔሪ ያችን መኪና ቢያገኝ ሻምፒዮን ይሆን ነበር አልልም፤ ማንም አይችልም። ነገሩም ይኼው ነው፤ 18 ሜትር የሄደን ሰው ችሎታ በምን ትለካዋለህ?

አንድ ክር ቀርቷል፤ ባልመዘው ይሻለኝ ነበር። አንድሬያ ሞዳ የገዛውን ንድፍ የሠራው ሲምቴክ በ1994 በራሱ ስም ፎርሙላ ዋን ገባ። ሰዎቹ ከሳሴቲ ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም፤ ቅንና ታታሪ ወጣት መሐንዲሶች ነበሩ። ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። ከሁለቱ ሹፌሮቻቸው አንዱ ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር ነው። እሱም እንደ ፔሪ ዘግይቶ የደረሰ ነው። ወጣት ለመምሰል ዕድሜውን ሁለት ዓመት ቀንሶ ይናገር ነበር (የኳስ ሜዳ ልጆች፣ ይህቺን እናንተም ታውቋታላችሁ)። የነበረው ገንዘብ ለአምስት ውድድር ብቻ የሚበቃ ነበር። ብራዚል ላይ አላለፈም፤ ጃፓን ላይ 11ኛ ወጣ።

ሦስተኛው ኢሞላ ነበር። ቅዳሜ ሚያዝያ 30፣ በማጣሪያው ላይ ከመንገድ ወጣ ብሎ ተመለሰ፤ የፊት ክንፉ ተጎድቶ ነበር። አላቆመም። መነሻ ላይ ቦታ ለማግኘት እያንዳንዷ ዙር ታስፈልገው ነበር፤ ሌላ ዙር ቀጠለ። ክንፉ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ላይ ተገንጥሎ ወደቀ፤ መኪናዋ አልታዘዝ ብላ ግድግዳውን መታች። 33 ዓመቱ ነበር። በማግስቱ አይርተን ሴና ሞተ፤ መኪናው ውስጥ የኦስትሪያ ባንዲራ ተገኘ፤ ቢያሸንፍ ለራትዘንበርገር ሊያውለበልበው ነበር። ዓለም ለሴና ቀብር ሳኦ ፓውሎ ሄደ። የፊያ ፕሬዚዳንት ማክስ ሞዝሊ ግን ወደ ሳልዝበርግ፣ ወደ ራትዘንበርገር ቀብር ሄደ፤ ሁሉም ወደ ሴና ስለሄደ እኔ ወደዚህ መጣሁ ብሏል በኋላ። ሲምቴክ በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ገንዘቡ አልቆ ተዘጋ።

ታዲያ በሩ ይዘጋ? ደካማው አይግባ? ዛሬ ፎርሙላ ዋን መልስ ሰጥቷል። በ1992 የአዲስ ቡድን ማስያዣ 100,000 ዶላር ነበር፤ በ2021 በጸናው ስምምነት አዲስ ገቢ ለነባሮቹ የሚያካፍለው 200 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። አሁን ደረቅ መንገድ ላይ የዝናብ ጎማ ተሰጥቶት የሚወጣ ሹፌር የለም። ሰሜን ባሕር ላይ ሠርቶ አጠራቅሞ የሚገባም ልጅ የለም። ሁለቱ አብረው ነው የጠፉት።

እኔ እዚህ ጋ ልቤ ለሁለት ይከፈላል፤ የባህር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል። በኅዳር 2019 ስታዲየማችን ውስጥ ኢትዮጵያ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ስታሸንፍ የከተማው ድምፅ ሐይቁ ማዶ የተሰማ ነው የመሰለኝ። በ2021 ካፍ መጥቶ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም አለ። ሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «ሜዳችን» ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ያን ቀን ካፍን ረግሜያለሁ። ስለ ስፓው መሪ ካነበብኩ በኋላ ግን ርግማኔ እንደ ድሮው አይወጣልኝም። መርማሪ ሲመጣ የሚዘጋብህ በር እንዳለ ሁሉ መርማሪ ባለመምጣቱ የሚሞት ሰው አለ።

ደግሞ ነገሩ የሩቅ አይደለም። የእኛው ብስክሌተኛ ሙሉ ኃይለሚካኤል በ2020ና በ2021 ዴልኮ ለሚባል የፈረንሳይ ቡድን ይጋልብ ነበር። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም እዚያው ነበር። በ2021 ዴልኮ ደመወዝ መክፈል አቃተው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ፈረሰ። ቢንያም በመካከሉ ሌላ ቡድን አግኝቶ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጌንት ቬቬልገምን ሲያሸንፍ ዓለም ሁሉ ስሙን አወቀ። የዴልኮን ስም ግን ዛሬ ከብስክሌት ወዳጆች በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ፔሪ አለ። በ2002 የራሱን ታሪክ ጻፈ። ያን ጊዜ ቶፕ ጊር በሚባለው የቢቢሲ ፕሮግራም ላይ ፊቱን በራስ ቁር ሸፍኖ የሚነዳው፣ ጥቁር የለበሰው የመጀመሪያው «ስቲግ» እሱ ነበር። ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሚሊዮኖች አዩት። ስሙ ተጠርቶ መነሻ ላይ ሊቆም ያልቻለ ሰው ያለ ስም ታዋቂ ሆነ፤ ማንነቱ ሲወጣም ፕሮግራሙ ገጸ ባሕሪውን በመኪና ከጦር መርከብ ላይ ባሕር ውስጥ ጥሎ «ገደለው»።

በ2003 ደግሞ ለ24 ሰዓቱ የለ ማን ውድድር ከአውዲ ጋር ተሰለፈ። አውዲ አር 8 በሕይወቱ ያገኛት ምርጧ መኪና ናት። አብረውት የሚነዱት ፍራንክ ቢላና ሚካ ሳሎ ናቸው። ቢላ ጀመረ። ነዳጅ ለመሙላት ወደ ፒት መግባት ሲገባው መግቢያውን ሳተና አልፎ ሄደ፤ ዙሩን ሳይጨርስ ነዳጁ አለቀ። መኪናዋ መንገድ ላይ ቆመች፤ ፔሪ ገና ተራውን እየጠበቀ ነበር።